ረዳት ምሩቅነት፦ እያስተማሩ ሁለተኛ ዲግሪ የመማር ዕድልና የውሉ ግዴታ

ወልድያ፦ በሀብሩ ወረዳና በአካባቢዋ ልጅን አስተምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ማብቃት ለአርሶ አደሩ ቤተሰብ የብዙ ዓመታት ድካም ነው። ተመራቂው ሁለተኛ ዲግሪ ሲያስብ ደግሞ ወጪው ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ይከተላል። በሬ ከመሸጥ ወይም ከመበደር በፊት ሊታወቅ የሚገባው አንዱ አማራጭ እያስተማሩ መማር ነው።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የመምህርነት እርከን የሚጀምረው ከረዳት ምሩቅ ነው። ረዳት ምሩቅ በመጀመሪያ ዲግሪው ተቀጥሮ በቤተ ሙከራና በመስክ ልምምድ ተማሪዎችን ያግዛል፤ የጽሑፍ ሥራዎችን ያርማል። ለዚህም ደመወዝ ይከፈለዋል። በኋላም ዩኒቨርሲቲው ለሁለተኛ ዲግሪ ሲልከው ደመወዙ አብዛኛውን ጊዜ አይቋረጥም። እንደ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የመርሳ ካምፓስ ባሉ የግብርና ማስተማሪያዎች ለሚማሩ ወጣቶችም መንገዱ ይኸው ነው።

የቅጥር ማስታወቂያ በዩኒቨርሲቲዎች ሰሌዳና በጋዜጣ ይወጣል። በውድድሩ የመመረቂያ አማካይ ውጤት ትልቅ ክብደት ስላለው ዝግጅቱ ከመጀመሪያው ዓመት መጀመር ይኖርበታል። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ተመራቂዎች በመውጫ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ እንዲያመጡ ይጠበቃል። ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያመለክቱም አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ይወስዳሉ።

ዕድሉ ግዴታም አለው። ለትምህርት የሚላክ መምህር ሲመለስ በውሉ ለተወሰነው ጊዜ ለማገልገል ይፈርማል፤ ዋስም ይጠራል። ውሉን ካፈረሰ ዕዳው ወደ ዋሱ ሊዞር ይችላል። ስለዚህ ደመወዝተኛ አጎት ወይም ጎረቤት በይሉኝታ ብቻ ሊፈርም አይገባም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 ዋስትና በግልጽ ሊሰጥ እንደሚገባ ይደነግጋል፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ያልተጠቀሰበት ዋስትናም እንደማይጸና ያመለክታል። ዋሱ ከመፈረሙ በፊት የገንዘቡን ልክ፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ውሉ የሚፈርስባቸውን ምክንያቶች አንብቦ መረዳት አለበት።

ተመሳሳይ አሠራር በውጭ አገርም አለ። በአሜሪካ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የማስተማር ረዳት ለሚሆኑ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያቸውን ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ይሸፍናሉ፤ ለኑሮም ይከፍላሉ። በተማሪ ቪዛ የገባ ሰው ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት በግቢው ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዲሠራ አይፈቀድለትም። ዕድሉ ይበልጥ የሚገኘው በሦስተኛ ዲግሪና ምርምር ባለበት ሁለተኛ ዲግሪ ነው። በርካታ የትምህርት ክፍሎች ማመልከቻ የሚቀበሉት ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። ለቀጣዩ የትምህርት ዘመን ድጋፍ የተሰጠው ተማሪም፣ በስምምነቱ ውስጥ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ እስከ ሚያዝያ 7 ድረስ የመወሰኛ ጊዜ አለው።

ረዳትነትን የሚሰጠው የትምህርት ክፍሉ ራሱ ነው፤ በገንዘብ የሚገዛ ቦታ አይደለም። ለማመልከቻ፣ ለቋንቋ ፈተናና ለቪዛ የሚከፈል ገንዘብ ቢኖርም፣ ቦታውን አስገኛለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ሲመጣ ቤተሰብ ሊጠነቀቅ ይገባል። የተመራቂው ዋነኛ ስንቅ ጥሩ ውጤቱና ሥራውን በቅርብ የሚያውቁ መምህራን የሚጽፉለት የድጋፍ ደብዳቤ ነው።