የኒፋስ ደም ሲበዛ

ከወሊድ በኋላ የሚፈሰው ደም በሸሪዓችን ኒፋስ ይባላል። ሐነፊዮችና ሐንበሊዮች ከፍተኛውን ጊዜ 40 ቀን፣ ሻፊዒዮች 60 ቀን አድርገውታል። ሶላት ይነሳላታል፤ ጾሙን በኋላ ቀዷ ታወጣለች። ይህን የማያውቅ ቤት የለም። ነገር ግን ዑለማዎች የወሰኑት የቀኑን ብዛት እንጂ የደሙን ብዛት አይደለም። «የአራስ ደም ነው፣ ይውጣላት» እየተባለ ስንቷ እናት ገንፎው ሳይበርድ አለፈች!

እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ማህፀን ተኮማትሮ የደም ሥሮቹን ካልዘጋ ደሙ አይቆምም። ከእንግዴ ልጁ ቁራጭ ከቀረም እንዲሁ ነው። ሐኪሞች ግማሽ ሊትር ሲሞላ አደጋ ይሉታል፤ ደም ያነሳት እናት ግን ባነሰም ትወድቃለች። ቤት ውስጥ በሊትር የሚለካ የለም፣ ጨርቅ ግን አለ። አንዱ ጨርቅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከራሰ፣ ዓይኗ ከጨለመ ወይም ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቃት ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ሕፃኑን ማጥባቱ ማህፀኗን ቢረዳም መኪና መፈለጉን አያስቀርም። በጤና ጣቢያ የምትወልድ እናት ልጁ እንደተወለደ ማህፀን የሚያኮማትረውን የኦክሲቶሲን መርፌ ትወጋለች።

እህቶች፣ ባል ከገበያ እስኪመለስ አይጠበቅም። አባወራውም ሩቅ የሚሄድ ከሆነ ፈቃዱን አስቀድሞ ሰጥቶ፣ የመኪናውን ገንዘብ ለአማቱ አስይዞ ይሂድ።