ከደሴ ወደ ሐይቅ በቢስክሌት



የመንግሥት ሠራተኛ ቅዳሜውን በምን እንደሚያሳልፈው የታወቀ ስለ ሆነ አልዘረዝረውም። እኔና ባለቤቴ ግን ባለፈው ወር አንዱን ቅዳሜ ከደሴ ወደ ሐይቅ በቢስክሌት ሄደን ዋልን። እንደ እኛ ሳምንቱን በወንበር ላይ የሚውሉ አንባቢዎች ሊሞክሩት የሚችሉት ጉዞ ስለ ሆነ፣ ደግሞም ከዚያ ይዤው የተመለስኩት አንድ ሐሳብ ስላለ፣ በዓምድዎ ጥቂት ቦታ እንዲሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ሁለታችንም የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ነን። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስላደግሁ የእንግሊዝ ነገሥታትን በየተራቸው መጥራት እችላለሁ፤ የሐይቅ እስጢፋኖስን ታሪክ ግን በቅጡ የሰማሁት ካገባሁ በኋላ ነው። እርስዋ የቄስ ልጅ ናት። ታሪክ ታስተምራለች፤ ግእዝንም ከአባቷ ተምራ ታነባለች፣ ትተረጉማለች።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሣን። እስከ ሐይቅ ከተማ ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የእርስዋ ቢስክሌት ኮምቦልቻ ካለው ወንድሟ የተዋስነው ነበር። በደሴ ዳገት ላይ ሴት ቢስክሌት ስትነዳ ማየት ያልለመዱ የባጃጅ ነጂዎች ጡሩምባቸውን እየነፉ እስከ ከተማው ዳር አጀቡን። ቦሩ ሜዳ ስንደርስ ውሀ ለመጠጣት ወረድን፤ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ታላቁን የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉት በዚሁ ሜዳ መሆኑን ባለቤቴ ታስረዳኝ ስትጀምር፣ ከክፍሏ ተማሪዎች አንዱ የሆንኩ መሰለኝ። ሐይቅ ከደሴ ወደ 500 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል ከዚያ ወዲያ መንገዱ በአብዛኛው ቁልቁለት ነው። ፍሬናችሁን አስመርምራችሁ ተነሡ ከማለት በቀር የምጨምረው የለኝም።

ውሀው ከሩቅ ሲታይ ድካም ይረሳል። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር በላይ መሆኑ ተለክቷል። ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርደውን ውሀ ይቀበላል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ወደ ሰሜን ሲመለከቱ ግሸንን በጉያቸው የያዙት፣ ስማቸውም ከአራቱ ቅኝቶቻችን ለአንዱ የተሰጠው የአምባሰል ተራሮች ይታያሉ።

ገዳሙ ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ከደብረ ዳሞ መጥተው ትምህርት ቤት ያቋቋሙት በዚህ ቦታ ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ነበሩ። የገዳሙ አበምኔቶች ዐቃቤ ሰዓት እየተባሉ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን የነበራቸው ናቸው። ለሴቶች ግን መግባት አልተፈቀደም።

ይህን ባለቤቴ ከእኔ በፊት ታውቀው ነበር። ከበሩ ርቀን ሳለን ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። «አባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌሉን ለገዳሙ የሰጡበት ጽሕፈት ያለበትን ገጽ እንዲያሳዩህ ለምናቸው። ሦስት መስመር ብቻ ገልብጥልኝ» አለችኝ። እርስዋ ከዛፍ ጥላ ሥር ቀረች፤ እኔ ገባሁ።

ቡናና ገሾ በተተከለበት ጓሮ መካከል አልፈን ወንጌሉ ካለበት ቤት ደረስን። ስጦታው የተጻፈው በ1273 ዓ.ም. ግድም ነው፤ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ሥዕልም በመጽሐፉ ውስጥ አለ። መጽሐፉን የገለጡልኝ አባት «አንብበው እንግዲህ፣ ልጄ» አሉኝ። የጥንቱ ፊደል ማዕዘን ማዕዘን ያለው፣ እንደ ዛሬው ያልለዘበ ስለ ሆነ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ እየቆጠርኩ አነበብኩ። ድምፁን አወጣሁት፤ ትርጉሙን ግን ከጥቂት ቃላት በቀር አላውቅም። ማንበብ የምትችለው ውጭ ተቀምጣ፣ የማልችለው እኔ በመጽሐፉ ፊት መቆሜ አሳፈረኝ። ፈቃድ ጠይቄ ሦስቱን መስመር በእርሳስ ገለበጥኩ።

ወረቀቱን ተቀብላ ስታነብ ፊቷን አየሁ። ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ጣቷን አቁማ «ይህ ፊደል ግእዝ ነው ወይስ ራብዕ? ቃሉ በእርሱ ይለወጣል» አለችኝ። ልመልስላት አልቻልኩም። እኔ ውስጥ ሳለሁ ዓሣ የምትሸጥ አንዲት እናት አብራት ተቀምጣ የሐይቁን ተረት አውርታላት ኖሯል። ልዕልት በአንዲት እርጉዝ ሴት ላይ ግፍ ብትሠራ እግዚአብሔር ተቈጥቶ አገሩን ሁሉ ውሀ አደረገው፤ ያቺ ሴት የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ቀረ፤ እርሱም ገዳሙ ያለበት ነው። ባለቤቴ ይህን ነግራኝ ሳቀች፤ ሌላ አልተናገረችም።

የገዳሙን ሥርዓት ለመንቀፍ አልጻፍኩም፤ እርስዋም አልነቀፈችውም። ነገር ግን ይህ ወንጌል ከብዙ ዓመት በፊት በማይክሮፊልም ተነሥቷል፤ ቁጥሩ 1832 ነው። ፊልሙ አሜሪካን አገር ሚኔሶታ ድረስ ስለ ሄደ፣ በዚያ ያለች ሴት ልታነበው ትችላለች፤ በሐይቁ ዳር የተቀመጠችው አትችልም። ስለዚህ ፎቶግራፉ በደኅና ወረቀት ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ አንዱ ቅጂ በሐይቅ ከተማ ሴትም ወንድም ተማሪም በሚገባበት ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ ምን ይከለክላል? ወጪው የአንድ ስብሰባ አበል አያህልም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የደሴ ሙዚየም መዘረፉን ያየን ሰዎች፣ ቅጂ በአንድ ቦታ ብቻ መኖሩ እንደማይበቃ እናውቃለን። የሚመለከታቸው የባህልና የትምህርት ሹማምንት ከገዳሙ አባቶች ጋር እንዲመክሩበት አሳስባለሁ።

በመመለሻችን ዳገቱ ገና ሲጀምር ጉልበቴ ከዳኝ። ባለቤቴ ልትቀጥል ትፈልግ ነበር፤ ስለ እኔ ስትል ቢስክሌቶቹን በኢሱዙ ላይ አስጫንን፤ እኛም ከነጂው ጎን ተቀመጥን። ቦሩ ሜዳን ስናልፍ ወረቀቱን እንደ ገና አውጥታ «ደኅና አድርገህ አስብ እስቲ፤ ከእግሩ ላይ ቅጥል ነበረው?» አለችኝ። እስከ ዛሬ ድረስ በማስታወሻ ደብተሯ ላይ የዚያን ፊደል ቦታ ባዶ ትታዋለች።

አንድ መምህር
ከደሴ