ወለዱ ከየትኛው ቀን ይቆጠራል?

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ኤቲኤም ፊት የተሰለፈ ሰው የሚያወጣው የራሱን ገንዘብ ነው። ደመወዝ ገብቶለታል ወይም ዕቃ ሸጧል፤ በእጁ የያዘው ካርድ የቁጠባ ሂሳቡ ቁልፍ ነው። ክሬዲት ካርድ የሚባለው በመልኩ ከዚህኛው አይለይም፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። ከበስተጀርባው ያለው የባንኩ ገንዘብ ስለሆነ ባለካርዱ በተጠቀመበት ቁጥር ይበደራል። በአገራችን ገና አልተለመደም። አሜሪካ የሚኖር የወላይታ ልጅ ግን በኪሱ ይዞት ይዞራል፤ ለጊፋታ፣ ለወላይታ የዘመን መለወጫ በዓል፣ ወደ ቤት የሚልከውንም ብር አንዳንዴ ከዚሁ ይመዛል። ስለዚህ የካርዱ ወለድ ለሶዶ ሰው የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ደግሞም በስልክ በደቂቃ የሚገኘውን ብድርና የአነስተኛ ብድር ተቋማትን ውል ለመመርመር ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ውሉ ላይ ጎልቶ ከሚጻፈው መቶኛ ይልቅ የብድርን ዋጋ የሚወስነው ቆጠራው የሚጀምርበት ቀንና ወለዱ የሚታሰብበት ገንዘብ መሆኑን ከዚህ ካርድ በላይ ወለል አድርጎ የሚያሳይ የለም።

አንዱ ካርድ ሁለት ዓይነት ብድር ይሰጣል። ባለካርዱ ሱቅ ገብቶ ጫማ ቢገዛ ሂሳቡ በወሩ መጨረሻ ይደርሰዋል። በአሜሪካ ሕግ ሂሳቡ ከተላከለት በኋላ ለመክፈል ቢያንስ 21 ቀን ሊሰጠው ይገባል፤ የቀደመ ዕዳ ከሌለበትና በቀነ ገደቡ አጠናቆ ከከፈለ አብዛኛውን ጊዜ ወለድ የሚባል ነገር አያውቅም። በዚያው ካርድ ከማሽን ጥሬ ገንዘብ ካወጣ ግን የእፎይታ ጊዜ የለውም። ወለዱ ከዚያው ቀን ጀምሮ በየዕለቱ ይቆጠራል፤ ምጣኔውም ብዙውን ጊዜ ከግዢው ከፍ ያለ ነው፤ በዚያ ላይ የማውጫ ክፍያ ወዲያው ይቆረጣል። ለምሳሌ 500 ዶላር ቢያወጣ፣ ክፍያው 5 በመቶ፣ ዓመታዊ ወለዱ 30 በመቶ ቢሆን፣ 25 ዶላሩ በመጀመሪያው ቀን ሄዷል። በ30 ቀን ደግሞ 12 ዶላር ከ33 ሳንቲም ወለድ ይጨመርበታል። ባጠቃላይ 37 ዶላር ከ33 ሳንቲም፣ ማለትም በአንድ ወር 7 ከግማሽ በመቶ ያህል ነው። በ10ኛው ቀን ቢመልሰው እንኳ የሚተርፈው ከወለዱ 8 ዶላር ያህል ብቻ ነው፤ 25ቱ አይመለስም። «ዓመታዊ 30 በመቶ» የሚለው ጽሑፍ ይህን አይናገርም። ገንዘብ ላኪ ድርጅት ዘንድ በክሬዲት ካርድ መክፈልም ወጥመድ አለበት፤ አንዳንድ ካርድ ሰጪ ባንኮች ይህን እንደ ግዢ ሳይሆን ጥሬ ገንዘብ እንደማውጣት ይቆጥሩታል። ላኪው ማሽን አጠገብ ሳይደርስ የማሽኑን ዋጋ ይከፍላል።

ባንኩ ይህን የሚያደርገው ያለ ምክንያት አይደለም። በግዢ ጊዜ ነጋዴው ከሽያጩ ለካርዱ ሥርዓት ድርሻ ይከፍላል፤ በጥሬ ገንዘብ ጊዜ ግን ይህ ገቢ የለም። ከካርድ ጥሬ ብር የሚያወጣ ሰው ችግር ላይ የወደቀ ሊሆን ይችላል የሚል ስጋትም አለ። ምክንያቱን እቀበላለሁ። ክርክሬ ዋጋው በሦስት ቦታ፣ በማውጫ ክፍያው፣ በወለዱ ምጣኔና ቆጠራው በሚጀምርበት ቀን፣ ተበታትኖ መቀመጡ ላይ ነው።

ይኸው መበታተን እኛም ዘንድ አለ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሥራ ጀመረ፤ በ2014 ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር መላ፣ እንደኪሴና ሰንዱቅ የተባሉትን የብድርና የቁጠባ አገልግሎቶች ይዞ መጣ። መያዣ ሳይጠየቅ፣ ቦዲቲም አረካም ላይ ተቀምጦ በስልክ መበደር ተቻለ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በእንዲህ ያለ አጭር ብድር ዋጋው አንዳንዴ «ወለድ» በሚለው ቃል ፋንታ «የአገልግሎት ክፍያ» ተብሎ ይመጣል። 1,000 ብር ለ30 ቀን ተበድሮ 50 ብር ክፍያ የሚጠየቅ ሰው 50 ብር ምን አላት ሊል ይችላል። በዓመት ሲሰላ ግን 60 በመቶ ነው። በ15 ቀን ከፍሎ 50 ብሩ ካልተቀነሰለት ደግሞ 120 ይሆናል። በአነስተኛ ብድር ተቋማት ዘንድ ሌላ ስውር ነገር አለ። 12,000 ብር በ12 ወር፣ በየወሩ 1,000 ከዋናው እየተመለሰ፣ ወለዱ 15 በመቶ ነው እንበል። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ከታሰበ ድምሩ 975 ብር ነው። መጀመሪያ በተወሰደው በ12,000 ላይ እስከ መጨረሻው ከታሰበ 1,800 ይሆናል። ሁለቱም ውል ላይ የተጻፈው 15 በመቶ ነው፤ የሁለተኛው እውነተኛ ዋጋ ግን ወደ 27 በመቶ ይጠጋል፤ ተበዳሪው በሰኔ የመለሰውን ብር በነሐሴ ወለድ ይከፍልበታል።

አራጣ ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። በወር 10 በመቶ የተበደረ ሰው ወለዱ በየወሩ ከዋናው ጋር ከተደመረበት 10,000 ብሩ በዓመት ከ31,000 ይበልጣል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግለሰቦች ብድር ላይ ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ የወንጀል ሕጉም አራጣን ይቀጣል። ይሁንና በቃል የተደረገ ውል ፍርድ ቤት አይደርስም፤ ለብዙው ተበዳሪ ሕጉ መኖሩን ማወቅ ራሱ ቅንጦት ነው።

ትንሽ ብድር ውድ መሆኑ አይቀሬ ነው የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ 1,000 ብር ለመስጠትና ለመከታተል የሚወጣው ድካም 100,000 ለመስጠት ከሚወጣው ብዙም አያንስም። ስጋቱም እውነተኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የዝንጅብል አጠውላጊ በሽታ በወላይታና በከምባታ ጠምባሮ ማሳዎችን ሲያጠፋ ገበሬው ብቻ ሳይሆን ያበደረውም ተጎድቷል። ይህ ሁሉ ግን ለከፍተኛ ዋጋ ምክንያት ይሁን እንጂ ለተደበቀ ዋጋ ምክንያት አይሆንም። የበለጠ የሚፈትነው ሌላው ተቃውሞ ነው፦ ኑሮ በሚወደድበት አገር ብር ከማስቀመጥ መበደር ያዋጣል፤ ባንክ 7 በመቶ ሲከፍል የበሬ ዋጋ ከዚያ በላይ ይዘላል። ለረጅም ጊዜ ብድር ይህ ሊሆን ይችላል። በወር 5 በመቶ ለሚከፈልበት ብድር ግን በሬው በየወሩ 5 በመቶ መወደድ አለበት፤ በዓመት ሲደራረብ 80 በመቶ ገደማ ማለት ነው። እንዲህ ያለ በሬ በየዓመቱ አይገኝም።

ወላይታ ለጊፋታ በሬ የሚገዛበት መንገድ በዚህ ሂሳብ ሲታይ ብልሃቱ ይታያል። ቅርጫ የገቡ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ያዋጣሉ፤ ድርሻው ሳይጠበቅ የመጣ ወጪ ስላልሆነ ጥድፊያ የለውም፤ ውድ ብድር የሚኖረው ደግሞ በጥድፊያ ነው። ብድርም ቢሆን ከገበሬው ወቅት ጋር ሊገጥም ይችላል፤ በ1962 በዓለም ባንክ ድጋፍ የተቋቋመው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሶዶ ውስጥ ዋዱ እየተባለ የሚታወቀው፣ ለገበሬው ማዳበሪያና ዘር በዱቤ ሲሰጥ ገንዘቡ የሚመለሰው ከማሳው ነበር። የስልኩ ብድር ግን የወር ደመወዝ ያለውን ሰው አስቦ የተሰፋ ይመስላል። ጊፋታ መስከረም ላይ ነው። መዋጮው የጎደለበት ባለቡና ለድርሻው መስከረም 10 የ30 ቀን ብድር ቢወስድ መክፈያው ጥቅምት 10 ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቀን በቅጣት ይቆጠራል። ቡናው ያን ጊዜ ገና ከዛፉ አልወረደም።