የፈጠጠ ዐይንና «ደህና ነው» የተባለ ደም

የታይሮይድ ሕመም ዐይኑን የያዘው ሰው ሐኪሙን መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሕመሙ አሁንም እየሠራ ነው ወይስ በርዷል? ተገቢ ጥያቄ ነው። የዐይኑን መቆጣት የሚያበርዱ መድኃኒቶች ይበልጥ የሚጠቅሙት በቁጡው ወቅት ነው። የማስተካከያ ቀዶ ሕክምናም፣ እይታን የማጣት አደጋ ካላስገደደ በቀር፣ ሕመሙ እስኪረጋ ይጠበቅለታል። ይህን ወቅት ለይቶ የሚናገር የደም ምርመራ ለዓመታት ተፈልጓል፤ ብቻውን የሚበቃ ግን እስካሁን የለም።

የደብሊኑ ሐኪም ሮበርት ግሬቭስ በ1835፣ ጀርመናዊው ካርል ፎን ባዜዶ ደግሞ በ1840 እ.ኤ.አ. ስለ እንቅርት፣ ስለ ልብ ምት መፍጠንና ስለ ዐይን መፍጠጥ ጽፈዋል። ምክንያቱን ለማወቅ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ። በ1956 እ.ኤ.አ. አዳምስና ፐርቭስ የተባሉ የኒው ዚላንድ ተመራማሪዎች በሕሙማን ደም ውስጥ ታይሮይድን ለረጅም ሰዓት የሚቀሰቅስ ነገር አገኙ። ኋላ እንደታወቀው ነገሩ የሰውነት መከላከያ በስህተት የሚሠራው አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው የሚይዘው ተቀባይ ከዐይን ኳስ ጀርባ ባሉ ሴሎችም ላይ አለ። ሴሎቹ ሲቀሰቀሱ ውኃ የሚስብ ሃያሉሮናን ያመርታሉ፤ ስብ ይጨምራል፣ ዐይንን የሚያዞሩት ጡንቻዎች ያብጣሉ። በአጥንት የታጠረው ጎድጓዳ ስለማይሰፋ ዐይን ወደ ፊት ይገፋል፤ አንዳንዴም የማየት ነርቭ ይጫናል።

ታዲያ ይህ ሁሉ እብጠት በደም ላይ ለምን አይታይም? ኢ.ኤስ.አር የተባለው የእብጠት ምርመራ ሲታዘዝ ደሙ በቀጭን ቱቦ ቀጥ ብሎ ይቆምና ቀይ ሴሎቹ በአንድ ሰዓት ስንት ሚሊሜትር እንደወረዱ ይነበባል። ቁጥሩን ደም ማነስም፣ እርግዝናም፣ ቲቢም ከፍ ያደርጉታል። ሲ.አር.ፒ የተባለውን፣ በእብጠት ጊዜ በደም የሚጨምረውን ፕሮቲን ደግሞ ጉበት የሚሠራው በዋናነት ኢንተርሉኪን-6 የተባለው መልእክተኛ በደም በኩል ሲደርሰው ነው። የዐይን ጎድጓዳ ግን 30 ሚሊሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ቦታ ናት። እዚያ ውስጥ መልእክተኛው ቢበዛም ጉበትን የሚያነቃ ያህል ላይወጣ ይችላል። ዐይኑ ቀልቶ አብጦ ሳለ ሲ.አር.ፒው ደህና የሚሆን ሰው የሚያጋጥመው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ይህንኑ መልእክተኛ የሚያግደው ቶሲሊዙማብ ሲሰጥም ሲ.አር.ፒ በመድኃኒቱ ምክንያት ይወርዳል፤ ዐይኑ ባይሻለውም።

በቅርብ ዓመታት ተመራማሪዎች ፊታቸውን የደም ሴሎችን ወደሚቆጥረው ተራ ምርመራ፣ ወደ ሲ.ቢ.ሲ አዙረዋል። ከነጭ የደም ሴሎች መካከል የኒውትሮፊል ቁጥር ለሊምፎሳይት ቁጥር ይካፈላል። ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል፤ ዐይናቸው በተቆጣ ሕሙማን ላይ ሬሾው ከፍ ብሎ ያገኙ ጥናቶችም አሉ። ለአንድ ሕመምተኛ ውሳኔ ግን አልተማመንበትም። መቆጣቱን የሚያበርደውን ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው ኒውትሮፊሉ ይጨምራል፣ ሊምፎሳይቱ ይቀንሳል፤ ዐይኑ እየተሻለው ሬሾው ወደ ላይ ይወጣል።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። በእስራኤል በቤተ እስራኤላውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ብዙ ጤነኛ ሰዎች በተፈጥሯቸው ኒውትሮፊላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይተዋል። ሁለት ጤነኞች እኩል 2,000 ሊምፎሳይት ይኑራቸው እንበል። የአንዱ ኒውትሮፊል 4,000 ከሆነ ሬሾው 2 ነው፤ የሌላው 1,400 ከሆነ 0.7 ይሆናል። በሌላ ሕዝብ ላይ የተሠራ መለኪያ ሁለተኛውን ሰው ታሞም እንኳ «ደህና ነህ» ብሎ ሊሸኘው ይችላል።

ከደም ምርመራዎች ሁሉ ለዚህ ሕመም የሚቀርበው የታይሮይድ ተቀባይ አንቲቦዲ ነው። ከፍተኛ ሲሆን ሕመሙ የመክፋት ዕድሉ ይጨምራል፤ በጊዜ ሂደት ሲወርድም ተስፋ ይሰጣል። እሱም ቢሆን ዐይንን መመርመርን አይተካም። በ1989 እ.ኤ.አ. በሆላንድ ሐኪሞች የወጣው የነጥብ መለኪያ ዛሬ በሚሠራበት አጭር መልኩ ሰባት ነገሮችን ይቆጥራል፤ ከዐይን ጀርባ ያለ ሕመም፣ ዐይን ሲዞር የሚሰማ ሕመም፣ የዐይን ቆብና የነጩ ክፍል መቅላት፣ የሁለቱ እብጠት፣ የውስጠኛው ጥግ ማበጥ። ከሰባቱ ሦስት ሲሞሉ ሕመሙ ቁጡ ነው ይባላል። በጠይም ቆዳ ላይ የቆብ መቅላት በቀላሉ ስለማይታይ ሐኪሙ በጥሩ ብርሃን ቀረብ ብሎ ማየት አለበት።

ሲ.ቢ.ሲ በዚህ ሕመም ዋናው ሥራው ሌላ ነው። የታይሮይድን ሥራ የሚቀንሱትን ፒ.ቲ.ዩ ወይም ካርቢማዞል የሚወስድ ሰው ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከያዘው መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን ነጭ የደም ሴሉን ማስመርመር ይገባዋል። መድኃኒቶቹ አልፎ አልፎ ኒውትሮፊልን አደገኛ በሆነ መጠን ያጠፋሉ።

ዐይንዎ ካመመዎት፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርገው ካዩ፣ ቀለማት ከደበዘዙብዎ ወይም እይታዎ ከቀነሰ፣ የደም ውጤትዎ ምንም ይበል፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ዐይን ሐኪም ይሂዱ። ሲጋራ የሚያጨሱም ከሆነ ሕመሙን ስለሚያከፋው ዛሬውኑ ይተዉት።