ፌርፊልድ፦ በባዝ ከተማ ያለው የስደት ቤት

በእንግሊዝ አገር፣ ከለንደን በስተምዕራብ በምትገኘው የባዝ ከተማ ዳር ፌርፊልድ የሚባል ቤት አለ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በጣሊያን ቪላዎች አሠራር የተገነባ፣ ሰፊ አትክልት ያለው የባለጸጋ መኖሪያ ነው። እንዲህ ያለ ቤት በእንግሊዝ ብርቅ አይደለም። ፌርፊልድን ለእኛ ልዩ የሚያደርገው እ.ኤ.አ. በ1936 የገዙት ባለቤቱ ናቸው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ።

ንጉሠ ነገሥቱ ከማይጨው ጦርነት በኋላ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጥተው በጅቡቲና በኢየሩሳሌም በኩል እንግሊዝ ገቡ። ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ላይ ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት ቢሉም የሚደርስላቸው አላገኙም። ባዝ የተቀመጡት ከዚያ ወዲህ ነው። ቤቱ በቤተሰብ፣ በመኳንንትና በካህናት ተሞላ፤ ለአትክልት የተሠራችው የመስተዋት ቤት ጸሎት ቤት ሆነች። እቴጌ መነን ብርዱን አልቻሉትምና ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ልዕልት ፀሐይ ለንደን በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማሩ። የ«ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የመጀመሪያው ክፍልም የተጻፈው እዚያ ነው።

ኑሮው ግን ከውጭ እንደሚታየው አልነበረም። የብር ዕቃቸው ለሽያጭ ወጣ። ይበልጥ የሚያንገበግበው የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ነው። ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለው ኩባንያ በቴሌግራፍ አገልግሎት ለኢትዮጵያ መንግሥት የሚከፍለው ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ ዕዳ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1938 ዳኛው ለንጉሠ ነገሥቱ ፈረዱ። በኅዳር ወር ግን የእንግሊዝ መንግሥት ለጣሊያን ወረራ ሕጋዊ ዕውቅና ስለሰጠ፣ ይግባኝ ሰሚው ችሎት ገንዘቡ የጣሊያን ንጉሥ ነው አለ። ወራሪው በተወረረው ገንዘብ ባለመብት ሆነ ማለት ነው። ይህን ሳስብ አሁንም ይከነክነኛል።

በነዚያው የስደት ዓመታት በአገር ቤት ጎጃም እጁን አልሰጠም ነበር። በቢቸና በኩል በላይ ዘለቀ፣ በሌላው ወገን እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ጠላትን ከምሽጉ እንዳይርቅ አድርገው ይዘውት ነበር። ጣሊያን ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ስታውጅ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ወር ከፌርፊልድ ወጥተው በግብፅ በኩል ሱዳን ደረሱ። ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማቸውን ሰቀሉ፤ መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ከዚያ ዓባይን ተሻግረው ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ። የመመለሻው መንገድ በጎጃም በኩል ሊሆን የቻለው አርበኛው አምስት ዓመት ሙሉ አገሩን ስላልለቀቀ ነው። ስለ ፌርፊልድ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ይህን በአንድ መስመር ያልፈዋል፤ የጎጃም ልጅ ግን ሊያልፈው አይገባም።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1947 ዓ.ም. ባዝን እንደገና ሲጎበኙ ከተማዋ የክብር ዜግነት ሰጠቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1958 ቤቱን ለአረጋውያን መኖሪያ እንዲውል ለከተማዋ በስጦታ አበረከቱት። ሊሸጡት ይችሉ ነበር፤ የቸገራቸውን ዘመን ያሳለፉበትን ቤት ለደካሞች መስጠታቸው ከሕይወታቸው ሥራዎች አንዱ ሆኖ ሊታወስ ይገባል። ዛሬም ከካሪቢያንና ከሌሎች አገሮች መጥተው ባዝ የኖሩ አረጋውያን የሚሰባሰቡበት ቤት ነው፤ ኢትዮጵያውያንና ራስተፈሪያንም ይጎበኙታል።