የረጋውን ደም አትንኩት

ታናሽ እህቴ ድዷ ውስጥ ተጋድሞ የቀረውን የታች የጥበብ ጥርሷን በቀዶ ሕክምና አስወጥታ ቤት የገባች ዕለት፣ ጠያቂው ሁሉ መድኃኒት ይዞ መጣ። ጎረቤታችን ቅርንፉድ፣ አክስታችን ነጭ ሽንኩርት፣ አጎታችን ደግሞ «ቁስሉን ያጥብልሻል» ብሎ አረቄ። እሷም የተሰጣትን ሁሉ እየተጉመጠመጠች ስትተፋ ዋለች። በሦስተኛው ሌሊት ሕመሙ እስከ ጆሮዋ እየወጋ እንቅልፍ ነሳት። በማግስቱ ሐኪሙ በመብራት ሲያየው ጉድጓዱ ባዶ ነበር፤ ሥሩ ላይ አጥንቱ ገርጥቶ ይታያል።

ጥርስ በወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ደም ሞልቶ ይረጋል። ብዙ ሰው ይህን ጠቆር ያለ ደም «የተበላሸ ነው» ብሎ አጥቦ ሊያወጣው ይታገላል። የአጥንቱ መክደኛ ግን እሱ ነው፤ አዲሱ ሥጋም የሚያድገው በእሱ ላይ ነው። ታጥቦ ከወጣ አጥንቱና ነርቮቹ ራቁታቸውን ይቀራሉ። የጥርስ ሐኪሞች ድራይ ሶኬት የሚሉት ይህንን ነው፤ ከላይኛው ይልቅ በታችኛው መንጋጋ ይበዛል።

ስለዚህ ሐኪሙ ያስነከሰውን ጎዝ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅ አድርጎ መንከስ ነው። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት መጉመጥመጥ፣ በኃይል መትፋት፣ በስትሮ መምጠጥ አይገባም። ምራቅ ቀላ ማለቱ አያስደንግጣችሁ፣ ዋጡት። ለብ ያለ የጨው ውኃ ጥሩ ነው፤ ጊዜው ግን ከማግስቱ ጀምሮ ነው፣ እሱም በቀስታ። ሲጋራና አረቄ ቁስሉ እስኪያገግም ይቆዩ። የጎረቤታችን ቅርንፉድ መሠረት የሌለው ነገር አይደለም፤ ሐኪሙ ለእህቴ ጉድጓዱ ውስጥ ያኖረላት መድኃኒት ራሱ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸት ነበር። እሱ ግን ጉድጓዱን አጽድቶ፣ መጥኖ ነው ያስቀመጠው።

«የላይ ጥርስ ከተነቀለ ዓይን ይጠፋል» የሚለው ፍርሃት ስንቱን ሰው ከነሕመሙ ዓመታት እንዳስቀመጠው! የጥርስን ሕመም ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭ ሌላ፣ የዓይንን ብርሃን የሚያደርሰው ሌላ ነው። የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሥር የሚጎራበተው ከሳይነስ፣ ማለትም ወደ አፍንጫ ከሚከፈተው የአጥንት ክፍተት ጋር ነው፤ «አፍንጫህን በኃይል አትናፈጥ» የሚባለውም ለዚህ ነው። በእኔ እምነት ሊያሳስበን የሚገባው የታችኛው ነው። የታች ከንፈርንና የአገጭን ስሜት የሚሸከም ነርቭ በመንጋጭላው አጥንት ውስጥ ያልፋል። የጥርሱ ሥር ከተጠጋው በቀዶ ሕክምናው ሊነካና ከንፈር ሊደነዝዝ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል፤ አልፎ አልፎ ግን እንደደነዘዘ ይቀራል። ለቀዶ ሕክምናው ከመፈረማችሁ በፊት ራጁን አስከፍታችሁ «ሥሩ ከነርቩ ምን ያህል ይርቃል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሁሉም የጥበብ ጥርስ ይውጣ ማለትም አይደለም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው መመሪያ ሕመም የሌለበትን የተቀበረ ጥርስ ለጥንቃቄ ብቻ ማውጣትን አይደግፍም። ድዱ ደጋግሞ መግል የሚቋጥር ወይም ጎረቤቱን ጥርስ የሚያበላሽ ከሆነ ግን ማቆየቱ ነው የሚጎዳው።

ጉንጭ ሲያብጥ «ሐኪሙ አበላሸው» ይባላል። እብጠቱ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ይብሳል፣ ከዚያ ይጎድላል፤ አፍም ለጥቂት ቀናት በደንብ አልከፈት ይላል። በመጀመሪያው ቀን በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ በውጭ በኩል ጉንጭ ላይ መያዝ ያስታግሳል፤ «ብርድ ይመታሃል» ብሎ መከልከል አያስፈልግም። ምግቡ ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት፣ እርጎ፣ ሙዝ ይሁን፤ ቆሎው ይቆይ።

እብጠቱ ከአራተኛው ቀን በኋላ እየጨመረ ከሄደ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ መግል ከታየ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ደግሞ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝቶ ነገን መጠበቅ የለም፤ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ነው።