ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፦ ኤልያስ መልካ

ከሳር ቤት ወደ ጀሞ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የእዮብ መኮንን ዘፈን ሲከፈት ግማሹ ተሳፋሪ አብሮ ያንጎራጉራል። ዘፋኙን የማያውቅ የለም። «ግጥምና ዜማው የማን ነው?» ቢባል ግን ሹፌሩም ረዳቱም መልስ የላቸውም። ይሄ የአካባቢው ሰው ጥፋት አይደለም፤ በአገሩ ሁሉ ዘፈን የሚጠራው በዘፋኙ ነው። በካሴት ዘመን የሽፋኑ ፊት የዘፋኙ ፎቶ ነበር። ወረቀቱን አውጥቶ የዘረጋ ግን በደቃቅ ፊደል «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» የሚሉ ቃላትን፣ ከጎናቸውም ስሞችን ያገኛል። ከ1990ዎቹ ወዲህ በሦስቱም ቦታ እየተመላለሰ የምናገኘው አንድ ስም አለ፤ ኤልያስ መልካ።

ሦስቱ ሥራዎች ለየቅል ናቸው። ብዙ ጊዜ ዜማው ይቀድማል። የዜማው ደራሲ ትርጉም በሌለው ቃል እያንጎራጎረ ይቀዳዋል፤ ገጣሚው ልኩን ይዞ ቃል ይሰፋበታል። እዚህ ላይ አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው፤ ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ ይለወጣል። «አለ» ጠብቆ ሲነገር መኖርን፣ ላልቶ ሲነገር መናገርን ያመለክታል። ዜማው መላላት ያለበትን ቦታ ረግጦ ከያዘው ግጥሙ ወረቀት ላይ የቱንም ያህል ቢያምር አድማጩ ጆሮ የሚደርሰው ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ዜማና ግጥም ከአንድ ሰው ሲወጡ ትልቅ ጥቅም አለው። አቀናባሪው ደግሞ ድራሙ የት እንደሚገባ፣ ቤዙ ምን እንደሚል፣ ኪቦርዱ የቱ ጋ ዝም እንደሚል ይወስናል።

ድሮ ይህ ሁሉ በደመወዝ የሚሠራ ነበር። የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሣህሌ ደጋጎን፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነርሲስ ናልባንዲያንን የመሰሉ ሰዎች ነበሩት፤ ደራሲው የቤቱ ሠራተኛ ነው። ካሴት ሲመጣ ደራሲው ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ በየፊናው መሥራት ጀመረ። አበበ መለሰ በዜማ፣ ይልማ ገብረአብና ዓለምፀሐይ ወዳጆ በግጥም ስማቸው የገነነው በዚህ ዘመን ነው። ደራሲው በቁርጥ ዋጋ ይሸጣል፤ ካሴቱ መቶ ቢሸጥ መቶ ሺህ ለእሱ ያው ነው።

ኤልያስ የመጣው ከሌላ በር ነው። በቤተ ክርስቲያን መዝሙር ውስጥ አደገ፣ በቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ ተማረ። ቼሎ የዳንስ ቤት መሣሪያ አይደለም። ይሁንና በሠራቸው ቅንብሮች ውስጥ ያለውን ረጋ ያለ፣ ለመተንፈስ ቦታ የሚተው ነገር ስሰማ የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። ከዚያ በባንድ ውስጥ ሠራ፤ በገና የተባለውን ስቱዲዮ አቋቋመ።

ስሙ በሰፊው የተነሣው በቴዲ አፍሮ «አቡጊዳ» ነው፤ አልበሙ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ወጣ። በዚያው አቆጣጠር በ2005 የዘሪቱ ከበደ የመጀመሪያ አልበም «ዘሪቱ» ተከተለ። ዘሪቱ ራሷ ገጣሚ ናት፤ እዚያ ላይ የኤልያስ ሥራ የእሷን ቃል ሳይጫን ማጀብ ነበር። በ2007 ደግሞ የእዮብ መኮንን «እንደ ቃል» መጣ፤ የሚካያ በኃይሉ «ሸማመተው»ም የዚያው ዓመት ነው። አራቱን አልበሞች በተከታታይ ላዳመጠ የሚገርመው አለመመሳሰላቸው ነው። አንድ አቀናባሪ ሥራ ሲበዛበት የሁሉም ዘፋኝ አልበም የእሱን ማኅተም ይዞ ይወጣል፤ በዚያ ዘመን የኪቦርድ ድምፅ ያሰለቸን ለዚህ ነው። ኤልያስ ግን መጀመሪያ ዘፋኙን የሚያጠና ይመስላል። የእዮብ ድምፅ ለስላሳ ነው፤ ስለዚህ ጊታሩ በሬጌ ስልት ከምቱ ወዲያ ወዲያ እየገባ፣ ቤዙ ወፍራም ሆኖ ታች ተቀምጦ መሐሉን ለድምፁ ይለቁለታል። ዘፋኙ ሲጮህ አትሰሙትም፤ መጮህ አላስፈለገውም።

ግጥሞቹም እንደዚያው ናቸው። የአማርኛ የፍቅር ዘፈን መለመንና ማልቀስ ይወዳል። ኤልያስ የጻፋቸው ላይ ሰው ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ ይነጋገራል፤ ይወቅሳል፣ ያስረዳል፣ አንዳንዴ ጥፋቱን ያምናል። ብዙ ዘፋኞች ተሰብስበው ስለ ኤችአይቪ ባዜሙት «ማለባበስ ይቅር» ውስጥም እጁ አለበት። የጤና ትምህርት ተብሎ የሚዘፈን ነገር ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ያ ግን ሰው ቤቱ ውስጥ ወዶ የሚከፍተው ዘፈን ሆነ።

ከሙዚቃው ጎን ለጎን የገንዘቡ ጉዳይ ዕረፍት አልሰጠውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር፤ የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት እንደሚቆይ ይደነግጋል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 872፣ በጋራ የሚሰበሰብ የሮያሊቲ ክፍያን አመጣ። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ግን በዚያው ጊዜ የሲዲ ገበያው በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ተበልቶ፣ የሙዚቃ ቤቶች አንድ በአንድ ተዘግተው ነበር፤ የሚሸጥ ዕቃ ሳይኖር ድርሻ ከምን ይመጣል?

ኤልያስ ኃይሌ ሩትስንና ጆኒ ራጋን ከመሳሰሉ ባልደረቦቹ ጋር ያመጣው መልስ «አውታር» ነው። በ2011 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ የስልክ መተግበሪያ ሲሆን ሰው ሙሉ አልበም ሳይገዛ አንድ ዘፈን ብቻ መርጦ በስልኩ እንዲገዛ ያስችል ነበር። ከሽያጩ ደራሲውም የሚደርሰው ነበረ። ዘፈን በነፃ መገልበጥ ለለመደ ሕዝብ ሳንቲም እንዲከፍል መጠየቅ ድፍረት ነው። ስቱዲዮ ውስጥ መቀመጥ ለሚወድ ሰው ደግሞ ከፕሮግራመሮችና ከስብሰባ ጋር መዋል ምን ያህል አድካሚ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ኤልያስ ከዚህ በኋላ ብዙ አልቆየም። በስኳርና በኩላሊት ሕመም ሲቸገር ቆይቶ መስከረም 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በ42 ዓመቱ አረፈ። እዮብ ቀድሞታል፤ በነሐሴ 2005 ዓ.ም. ለሕክምና በሄደበት ናይሮቢ ነበር የሞተው።

ኤልያስን ገና ለሚተዋወቅ ሰው፣ በ«እንደ ቃል» ቢጀምር ይሻለዋል። መጀመሪያ እንደማንኛውም ሰው ዘፋኙን ይስማ። ሁለተኛ ሲከፍት ድምፁን ትቶ ቤዙን ብቻ ይከተል፤ ቀጥሎ ወደ «ዘሪቱ»፣ ከዚያም ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ «አቡጊዳ» ይሂድ። የጆሮ ማዳመጫ ቢኖረው ጥሩ ነው፤ የታክሲ ስፒከር ቤዙን ይውጠዋል።